የዘበኛው አንቀጽ

ቀን ቀን በር እጠብቃለሁ፣
አፉላ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ደጃፍ፤
ቦርሳ ሳስከፍት፣ ቦርሳ ሳዘጋ፣
የሱፍ ልጣጭ ስጠርግ በጫማዬ ጫፍ።
ማክሰኞ ማታ ግን ተማሪ ነኝ፤
ከመሬት በታች፣ የሮኬት መጠለያው ውስጥ፣
ጉልበቴን አጥፌ በፕላስቲክ ወንበር፣
በስተርጅና ልማር አንቀጽ፣
እርሳሴን ስቀርጽ።

ጣጣውን ያመጣችው የልጄ ልጅ ናት፣ ኖጋ።
«አባባ፣ ከትምህርት ቤት የዘር ሐረግ ጻፉ ተባልን፤
እንዴት እንደመጣህ ጻፍልኝ፤
አንድ አንቀጽ ብቻ።
እናቴ ትተረጉመዋለች፤ አታብዛ።»

አበዛሁት።
በመጀመሪያው ሌሊት አሥራ አንድ ገጽ፤
ጎንደርም ገባ፣ ሱዳንም ገባ፣
የአጎቴ የመሬት ሙግት፣ የበቅሎዋ ዋጋ፣
የዘንድሮው የውኃ ሒሳብ፣ የማይሠራው አሳንሰር፣
ሁሉም ተጋፍቶ፣ ተረጋግጦ፣
እንደ ሰርግ ቤት በር።

መምህር አቡሃይ አነበበው፤
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለው።
«ጋሽ አለምነው፣ ሥራህ ምንድን ነው?»
«ዘበኛ።»
«ታዲያ ይህን ሁሉ ሰው
ያለ ፍተሻ እንዴት አሳለፍኸው?»

ከዚያ ሰሌዳው ላይ አንዲት ቃል ጻፈ፦
አንቀጽ።
«በግእዝ፣ በር ማለት ነው» አለ።

ዝም አልሁ።
አጎቴ ቄስ ነበሩ፤ ኦሪት ሲያነቡ ይህችን ቃል
ስንት ጊዜ ሰምቻት ኖሯል!
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ ዝናብ ቢሆን ፀሐይ፣
አንቀጽ ስጠብቅ ኖሬያለሁ ለካ፣
ስሙን ሳላውቅ፣ ደመወዝ እየበላሁ።

በማግሥቱ ዐረፍተ ነገሮቼን አሰለፍኋቸው፣
አንድ ባንድ፣ እንደ ልጆቹ።
«እንደሚታወቀው» መጣ ኮቱን ደርቦ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ባዶ እጁን፤
«ማን ያውቅሃል?» አልሁት። መለስሁት።
«ከሁሉ አስቀድሜ» የተሰለፈው ከሁሉ ኋላ ነበር፤
እሱንም መለስሁት።
አንዱ ሦስት ቅጽል ደራርቦ ላብ አጥምቆታል፤
አስወለቅሁት፤ ቀጭን ሆኖ ገባ።
ሱዳን መጣ፣
አቧራውን ሳያራግፍ፣ ሙታኑን አዝሎ፤
በሩ ጠበበው።
«ቆየኝ» አልሁት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፤
«ላንተ ሌላ በር ነው፤ ሌላ ቀን።»
ከአጥሩ ሥር ቁጭ አለ።
እስካሁንም እዚያው አለ።

ያለፈው ይህ ብቻ ነው፦

«የወጣን ሌሊት አባቴ ከመንገድ ተመለሰ።
በሩን ዘግቶት ነበር፤ ደግሞ ሊዘጋው ሄደ።
ቤቱ ውስጥ የቀረ ዕቃ የለም፤
ላንመለስ ምለናል።
በጠፍር አሰረው፤ ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ ሳበው።
ከዚያ መጥቶ ከፊታችን ሆነ፤
ለምን እንደ ሄደ አልነገረንም።»

አራት ነጥቡን እንደ ካስማ ተከልሁት።

ኖጋ እናቷ ስታነብላት ሰማች፤
«ኢትዮጵያ የሚል ቃል እንኳ የለበትም» አለች፤
ግን ወረቀቱን አልመለሰችልኝም።

መምህር አቡሃይ ግልባጩን አየ፤
ማመስገንም የለ፣ መንቀፍም የለ፤
በቀይ ብዕር፣ ከግርጌው፣ አንድ ጥያቄ፦
«በሩ የሚከፈተው ወደ ውስጥ ነው ወደ ውጭ?»

አርባ ዓመት።
የጠፍሩን ሽታ አውቃለሁ፣
ጥለነው የመጣነውን ውሻ ድምፅ አውቃለሁ፣
የአባቴን ትንፋሽ፤
ይህን ግን አላውቅም።

ዛሬ ጧት፣ ደወሉ ሳይደወል፣
ከሞሬ ኮረብታ ነፋሱ ሲወርድ፣
ከብረቱ በር ፊት ለፊት
እጄን ባዶ አየር ላይ ዘረጋሁ፤
ገፋሁ።
ደግሞ ሳብሁ።
ቀና ስል፣ አንዲት ልጅ
ቦርሳዋን ከፍታ ትጠብቀኛለች።