ሰማንያ ከዜሮ በታች

ጀህራ፣ የጦሩ ሆስፒታል፣ ምድር ቤት፣ ክፍል ዐሥራ ሁለት፣
ወለል እወለውላለሁ ከምሽት እስከ ንጋት።
ኮሎኔል ፈላህም አለ፣ ሁሌም እንዳቀረቀረ፣
በአጉሊ መነጽር ቀዳዳ ጠላቱን እየቆጠረ።

ድሮ ቀዶ ጠጋኝ ነበር፣ የነዳጁ ጉድጓድ ሲነድ፣
ቀትር እንደ ሌሊት ጠቁሮ ጥላሸት ከሰማይ ሲወርድ፤
በባትሪ ብርሃን ነው አሉ ስንቱን ልጅ የሰፋ፣
ካንዱ ሆድ እርሳስ ሲለቅም የሌላው ትንፋሽ ሲጠፋ።

አንድ ሌሊት ሻይ ሳቀብለው፣
«ጥይት ጨዋ ነው» አለኝ፣ «ዘሃራ፣ ሥርዓት አለው፤
መግቢያ አለው፣ መውጫ አለው፣ ጣትሽን ሰደሽ ትይዥዋለሽ፤
ይሄኛው የራስሽ ሥጋ ነው፤ በማን ላይ ትተኩሻለሽ?»
ግማሹ አልገባኝም። አረብኛዬ የኩሽና ነው፣
ከ«አምጪ» ከ«ውሰጂ» ሌላ ያስተማረኝ ማነው?

ነሐሴ ላይ መብራት ሄደ። ጄነሬተሩም እምቢ አለ።
ማቀዝቀዣው ጮኸ፤ ሰማንያ፣ ሰባ፣ ስልሳ ስምንት… ቁጥሩ ተንከባለለ።
ሦስት ሺህ ብልቃጥ ነው ውስጡ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የለቀመው፣
ከየሰዉ ገላ ቁራጭ፣ ምስር የሚያህል፣ በቁጥር የሰየመው።
«ተሸከሚ!» አለኝ። መወልወያዬን ጣልሁ።
ግቢውን አቋርጬ፣ ወደ ዋናው ሕንጻ፣ ሣጥን ታቅፌ ሮጥሁ።
ሌሊቱ የጋለ ብረት ነው፤ ሣጥኑ ግን ጓንቴን በስቶ ነከሰኝ።
ለካ ብርድም ያቃጥላል! እግሬ ሲደናቀፍ አየኝ፤
«ቀስ!» አለኝ ከኋላ፣ በዚያ በሚያነክስ እግሩ እየደረሰ፣
«ቁስለኛ ነው የያዝሽው!» ድምፁ ውስጥ የሆነ ነገር ፈረሰ።

ዘጠኝ ጊዜ ተመላለስን።
ቁጥር አንድ የተጻፈባትን ግን ለእኔ አልሰጠም።

ጎህ ሲቀድ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ነገረኝ፦
ከሆዱ ጥይት ያወጣለት የዐሥር አለቃ ነበር፤
ድኖ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ በዘጠኝ ዓመቱ ተመለሰ፣
ሳምባው ሙሉ።
«ያን ቀን ቢላዬን አስቀመጥሁ» አለ፣
ላቡን በቆቡ አበሰ።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣ። መድኃኒቱ ገና ነው።
አዲስ የመጡት ልጆች ስሜን አያውቁትም፤ ሥራቸው ላይ ናቸው።
እኔ ግን ሌሊት ሌሊት የማቀዝቀዣውን በር ወልውዬ፣
ቁጥሩን አያለሁ። ሰማንያ። «አልሐምዱሊላህ» ብዬ፣
መብራት ሳጠፋ፣ ለሦስት ሺሁም፣ ባገሬ ቋንቋ፣
«ደህና እደሩ» እላለሁ።
አንዱም አይመልስም።
ሞተሩ ግን ያጉረመርማል።