በሩን ከላይ

አዳማ ላይ ጭነት ኪሎው አያስፈራም፤
ከነፋስ ያልመከረ ቋጠሮ አይጸናም።
ይህን ያስተማረኝ በዳዳ ነው፣ ጫኙ፣
ሲባጎ በጥርሱ ይዞ፣ ዓይኑን ጥሎ ከሰማይ ዳር፦
"ከባዱን ወደ ፊት፣ ከጋቢናው አስጠጋ፤
ቀላሉን አትመን፤ ቀላል ነው የሚበር።"

ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ነው የደወሉልኝ፣
እትዬ አመለወርቅ፤ "ፒካፕህ ባዶ ነው?" አሉኝ።
መንገድ ሊሰፋ ነው። ስንደርስ ግድግዳው ወርዷል፣
ጭቃው ከጭዱ ተፋቷል፤
ዕቃቸው ግን ደጅ ላይ፣ ለቅሶ እንደመጣ ሰው፣ ተሰልፎ ይጠብቃል።
ባለ ሽቦ አልጋ። የተጠቀለለ ፍራሽ።
መስታወቱን በነጠላ የሸፈኑት ቁምሳጥን።
ግማሽ ጆንያ ከሰል፣ ሁለት ጀሪካን፣
አንዲት ዶሮ በቅርጫት፣ ነገሩ የገባት ይመስል ዝም ያለች።

ከሁሉም ተለይቶ፣ የመብራት እንጨት ተደግፎ፣
አንድ በር ቆሟል ብቻውን።
ሰማያዊ ቀለሙ ተልጧል፤ ማጠፊያው አለ፤
ከላይ በነጭ፦ ቤት ቁጥር 317፤
ከታች በከሰል፦ አሥራ አራት ሰረዝ፣ የወተት ሒሳብ።

"ይሄስ?" አልኳቸው።
"ይሄም።"

በዳዳ አልተከራከረም። ቁምሳጥኑን ወደ ጋቢናው፣
ፍራሹን ለመስታወቱ ትራስ፣
አልጋውን በጀርባው፣ እግሮቹን ወደ ሰማይ፣
ዶሮዋን ለእትዬ፣ ጭናቸው ላይ፤
በሩን ከሁሉ በላይ አስተኛው።
ከዚያ የተተለተለ ከመነዳሪ ፈታ፣
ከቀኝ ስፖንዳ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሳበው፣
የአራስ ወገብ እንደሚታሰር፦
ጠበቅ፣ ግን እንዳያማት።
ጣቱን በገመዱ ሥር ሊሰድ ሞከረ፤ አልገባም።
"ንዳ" አለኝ።

ፍራንኮን እንዳለፍን መጣ፣
ከነአቧራው፣ ከነፌስታሉ፣ ከአንድ ሽማግሌ ባርኔጣ ጋር።
ሸራውን ፈተነ፤ እምቢ አለው።
ፍራሹን ነካካ፤ እምቢ አለው።
ከዚያ በሩን አገኘ።
ኳ። ኳ ኳ።
በዳዳ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "ማነው?" አለ፤
እኔ ሳቅሁ።
እትዬ አልሳቁም። ዶሮዋን እየዳበሱ፣
"ሠላሳ አንድ ዓመት፣" አሉ፣ "ተንኳኩቶ ዝም ብዬ አላውቅም።"
ቀጥለውም፣ በቀስታ፣ ለነፋሱ፦
"ይግቡ።"

ትራፊኩ እጁን አነሳ። ዞረን። ገመዱን ሳበ፤ አልላላለትም።
"ይሄ ምንድነው?"
"በር ነው።"
"ቤቱስ?"
በዳዳ አፉን ሲከፍት እትዬ ቀደሙት፦
"ከኋላ እየመጣ ነው።"
ትራፊኩ ቁጥሩን አነበበ። ወደ ኋላ መንገዱን አየ።
ደብተሩን ከደነ።

ኮንዶሚኒየሙ ከከተማው ጫፍ ነው፤ አራተኛ ፎቅ፤
ኮረብታው ላይ ነጫጮቹ ክንፎች ይሽከረከራሉ፣
የእኛን ጠላት ቀጥረው መብራት ያስፈጩታል።
አልጋው ወጣ። ቁምሳጥኑ ሁለቴ አርፎ ወጣ።
እትዬ ነጠላውን ገልጠው መስታወቱን ሲያዩ
መልካቸውን አልፈለጉም፤ ጥግ ጥጉን ዳሰሱ፣ ስንጥቅ ፍለጋ።
ምንም የለም። በዳዳ በኩራት ላቡን ጠረገ።

በሩ ግን ደረጃው ላይ አልዞር አለ፤
በቁመቱም፣ በጎኑም፣ እኛ ብንገለበጥም።
ደግሞ ለምኑ? ቤቱ የራሱ በር አለው፣ ብረት፣ ከነቁልፉ።
"ተወው" አሉ እትዬ።
ደረጃውን ግማሽ ወጥተው ተመለሱ፦ "አትጣለው።"
ሁለቱን ባንድ ላይ እንዴት እንደማደርግ አልነገሩኝም።

ይኸው ዛሬ የፒካፔ ወለል ሆኖ ተኝቷል፣
የመቂ ሽንኩርት፣ የወንጂ ስኳር ይሸከማል፤
አዲስ ጫኝ ቁጥሩን አይቶ ይጠይቃል፣
በዳዳም ሲባጎውን በጥርሱ እንደያዘ ይመልሳል፦
"ቤት ነው። በሰዓት ስድሳ ይሄዳል።"

የወተቱ ሒሳብ ግን፣ ያ በከሰል የተሰመረው፣
ጆንያ በወጣ በወረደ ቁጥር እየተፋቀ
ትናንት ስቆጥረው አሥራ አንድ ቀርቷል።
ማን እየከፈለላቸው እንደሆነ እንጃ።