ዋጋው ገና አልተቆረጠም

ከዚራ፣ ኒሙ ሥር፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣
ወበቁ ከአስፋልት እንደ ላብ ሲተን፣
ሊባን ባጃጁን አቁሞ መጣ እየሮጠ፣
ስልኩን በሸሚዙ ጠርጎ መሃላችን አስቀመጠ።

«እዩዋት አቦ! ከጃፓን የምትወጣ፣
ስምንት ሲሊንደር ናት፣ ለከርሞ ልትመጣ።»
አፍንጫዋ ዝቅ ያለ፣ እንደሚሰግድ ሰው፣
ጎኗ የውሃ ጠብታ፣ ነፋስ የላሰው፣
መብራቷ በምላጭ የተሰነጠቀ፣
ቀለሟ... ቀለሟን እንጃ፤
ሥራዬ ሆኖ ሳለ ስሙ ካፌ ራቀ።

ላሜራ ቤት አለኝ፣ ሳቢያን፣ ከሐዲዱ ወዲህ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ስለጥፍ፣ ስቀባ እንዲህ፤
የተጨፈለቀ በር፣ የዛገ ኮፈን፣
በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፣ በስቱኮ ስሸፍን።
እንዲህ ያለ ቀለም ግን አላየሁም ከቶ፤
ብር ነው ስትለው አረንጓዴ፣
የወተት ጭጋግ መሃሉ ገብቶ።

«ዋጋዋስ?» አለ ጅብሪል፣ የመኪና ደላላው፣
ከወገቡ ቀና ብሎ፣ ግራ ጉንጩ ያበጠው፤
የፍየል፣ የቤት፣ የሰው ዕዳ ልክ የሚያውቅ፣
አንዳች ነገር ሳይተምን ፀሐይ የማትጠልቅ።
«ዋጋዋማ አልተቆረጠም» አለ ሊባን እየሳቀ፤
ኒሙ ሥር ወሬው እንደ ክብሪት ቦግ አለ፣ ሞቀ።

አንዱ ሁለት መቶ ሺ አለ፣ «በዶላር ነው ታዲያ!»
ሌላው እጥፍ አደረገው፣ «የጃፓን እጅ ነው ዎሪያ!»
ጅብሪል የሲጋራ ካርቶን ቀደደ፣ እስክሪብቶ ለመነ፤
«ዶላሩን በብር ምታው፣ ጉምሩኩን ደምርበት፣
ኤክሳይዝ አለ፣ ሱር ታክስ አለ፣ ቫትም አለበት፣
የወደቡ ኪራይ፣ የደወሌ ጣጣ...»
ዜሮው ካርቶኑን ሞልቶ ወደ መዳፉ ወጣ።

ሙሴ መኩሪያ፣ ከባቡር ወርክሾፕ ጡረታ የወጡ፣
ጆሯቸውን መዶሻ የበላው፣ ነገር አዘግይተው የሚያመጡ፣
«ሆዷ ከመሬት ስንት ጣት ነው?» አሉ።
«አራት። ቢበዛ አምስት።»
«ታዲያ በደቻቱ በየት በኩል ልታልፍ?»
ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።
«ጎርፍ እኮ ዋጋ አይጠይቅም።»
ማንም አልመለሰላቸው። ነሐሴ ነበር፤
ሰማዩ ወደ ደንገጎ ጠቁሮ ነበር።

እኔን ግን ያን ቀን ልቤ የገባው፦
ዋጋው እስኪቆረጥ፣ ዕቃ የሁሉም ነው።
ቱጃሩም አልገዛት፣ እኔም አልገዛሁ፣
እሱ ባዶ ጋራዡን፣ እኔ ባዶ እጄን ይዤ
እኩል ጠበቅሁ።
ቁጥር ሲነገር ነው በሩ የሚዘጋ፣
«አንተ ግባ፣ አንተ ቁም» ሰው የሚለይ በዋጋ።
እስከዚያ ሦስት ሳምንት፣ ማታ ማታ፣
ተኝቼ ነዳኋት እስከ መልካ ጀብዱ፣ ቀስ ብዬ፣ በእርጋታ፤
ሚስቴ ከጎኔ ነበረች፣ መስኮቱን ዝጋው አለችኝ፣ አቧራ ነው።

ሐሙስ ተነገረ።
ሊባን አነበበው፣ ደግሞ ከኋላ ወደ ፊት ቆጠረ።
ጅብሪል በግማሽ ነበር የገመተው፤
ካርቶኑን አጣጥፎ ጫማው ሥር ከተተው።
አንዱ ነዳጅ የሚጠጣ መኪና ከእንግዲህ አይገባም አለ፣
ያጽናናን መስሎት። ነገሩ እዚያው ተንጠለጠለ።

አርብ ከስግደት መልስ ሊባን ላሜራ ቤቴ መጣ፤
«ያንን ቀለም ቅባልኝ።»
«ባጃጅ ላይ? ትራፊኩ መንጃ ፈቃድህን ይቀማሃል!»
«ውጪውን አላልኩም፤ ከመሪው ሥር ያለችውን
አንድ ክንድ ላሜራ፣
እኔ ብቻ የማያትን፣ ተሳፋሪ ስጠራ።»

የብር ዱቄት በጠብስኩ፣ አረንጓዴ በጥፍር ጫፍ፣
ነጭ እንደ ወተት ጠብታ፣ ከጣሳው አፋፍ፤
ስልኩን እያየሁ ሦስቴ ደፋሁ፣ ሦስቴ ጀመርኩ።
በአራተኛው ደረስኩ አልልም። ተጠጋሁ።

«ስንት ነው?» አለኝ፣ ኪሱን እየዳበሰ።
«ገና አልተቆረጠም» አልኩት።
ትንሽ አየኝና ሳቀ፣ ሞተሩን ቀሰቀሰ፤
ድምፁ ያው የባጃጅ ነው።
ድሬ ናት፣ ቀለም ቶሎ ይደርቃል፣ አቧራ ካልቀደመው።
የደቻቱን አሸዋ ሲሻገር ቆሜ አየሁትና
ወደ ላይ ቀና አልኩ፤
ደመናው ከደንገጎ አልወረደም ገና።