ለክቡር ………

አራት መቶ ሰው ነው፣ ይላሉ ሲዋዋሉ፤
ቀብድ እየቆጠሩ በናት ይምላሉ።
እሺ እላለሁ እኔ፤ ደብተሬ ላይ ግና
አምስት መቶ ሀምሳ፣ አንድ ሰው እንደገና።
መቶው ለገብርኤል፤
ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላ ሳይፈታ
ድንኳን ለሚያስገባው የቀይ ወጥ ሽታ፤
ሀምሳው ለሙሽራው ጓደኛ ጓደኞች፣
ለባጃጅ ሹፌሮች፣ ለካሜራ ልጆች።
ያ አንዱ ግን የማንም አይደለም።

ቡናማ ሙሉ ልብስ፣ ክርኑ የሳሳ፣
ኪሱ ላይ መሐረብ ባራት የታጠፈ፣
ሰልፉ ሲጋመስ ነው ድንገት የሚነሳ፤
አንድ ቀን አልቀደመ፣ አንድ ቀን አላለፈ።
የወንድ ወገን «ማነህ?» ቢለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ
«በሙሽሪት በኩል» ይላል፤
የሴት ወገን ቢጠይቅ፣ «የሙሽራው ነኝ»።
በሐዋሳ ፀሐይ፣ በዚያ ሁሉ ዘፈን መሃል፣
ሁለቱን ወገን አስተያይቶ የሚቆጥር ማን አለ?

አሳላፊዎቼ ስም አወጡለት፤ አባ ኮዳ።
ውሸት አልነበረም፤
አሞራ ገደል ላይ ዓሣ ሲበለት
አንገቱን ቀብሮ፣ ካፖርት የለበሰ መስሎ
ባንድ እግሩ የሚጠብቀውን ወፍ ይመስላል።
አንድ እሁድ ማቲዎስ ጆሮዬ ላይ ተጠግቶ
«እናስወጣው እንዴ?» አለኝ።
ጭልፋውን አሳየሁት።
«ጥብስም ጨምርለት» አልኩ።
ሌላው ሰው ሰሃኑን ወንበር ስር ይጥላል፤
እሱ ግን እጣቢው ድረስ ይዞት ይመጣል
በሁለት እጁ፣ እንደ ተበደረው ነገር።
«እጅሽ ይባረክ» ያለኝም በዚያ ሁሉ ዘመን
እሱ ብቻ ነበር።

ባለፈው ጥር ሦስት ሠርግ ሠራሁ።
አንድ ሰሃን ተረፈ።
በሳምንቱም አንድ ሰሃን።
በሦስተኛው ከፋኝ።
መጉደል ለምጃለሁ፤ ሲጎድል ዘዴ አለ፤
መረቅ ይቀጠናል፣ ጭልፋ ያንሳል፣
ሽሮ ከጓዳ ይወጣል በችኮላ።
ለተረፈ ግን ምንም አልተማርኩም።

ስልክ መጣ። የአቶቴ እድር ጸሐፊ።
«ለለቅሶ ነው፤ ንፍሮና ዳቦ፣ አንድ ድስት ወጥ።
ሠላሳ ሰው ብትይ ይበቃል፤ ዘመድ የለውም።
አቶ ዱካሞ ይባላል፤
ጡረታ እስኪወጣ ማተሚያ ቤት ነበር።»
ሠላሳ አለ።
ቁጥር የሚያሳንስ ደንበኛ አይቼ አላውቅም።
ሠላሳ ጻፍኩና ብዕሩን አላነሳሁም።

ግቢው ጠባብ ነው። ድንኳኑ በአጥሩ ላይ ተንጋዷል።
ድስት ላስገባ ጎንበስ ስል በሩ ላይ፣
ሚስማር ላይ ተሰቅሎ፣ ቡናማው ሙሉ ልብስ፤
መሐረቡ አሁንም ባራት እንደታጠፈ።
አከራይዋ ወይዘሮ የብስኩት ቆርቆሮ ከፍታ
የቀብር ወጪ ትፈልጋለች፣ ካለ።
ብር የለም። ካርድ ነው።
የከተማው ሁሉ ሠርግ በወርቅ ቀለም፣
በየዓመቱ በክር ታስሮ፦
«… ልጆቻችን በሚጋቡበት ዕለት ተገኝተው
የደስታችን ተካፋይ እንዲሆኑልን
በታላቅ አክብሮት ጠርተንዎታል።»
እሱ ነው ያተመው፣ ፊደል በፊደል፤
ከየመቶው አንድ አስቀርቷል።
ከላይ «ለክቡር» ከሚለው ቀጥሎ
ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ፤
ስም የለበትም።
ብዕር አጥቶ አይደለም። እጁም አልከበደው።
ስሙን ቢጽፍበት ማን ያውቅበት ነበር?

ንፍሮው ሊበርድ ሲል የእድሩ ዳኛ መዝገብ ይዞ መጣ፤
«አንቺስ እህቴ፣ በማን በኩል ነሽ?»
እጄን በሽርጤ ጠረግኩ።
«በሙሽሪት በኩል» አፌ ላይ ደርሶ ነበር።
ማቲዎስ ድስቱን ይዞ ይጠብቀኛል።
ሃያ ስድስት ዓመት ደግሻለሁ በዚህ ከተማ፤
ወንበር ሳብኩ፣ ተቀመጥኩ፤
ድንኳን ከውስጥ ሲታይ
ለካ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው።