መቶ ሰባ ዲግሪ

ከሽምብጥ በታች፣ ደንገሉ ሲያልቅ፣
ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ጠባብ በር፤
ለሐይቁ ቅርብ ነው፤ ማዕበሉን ሌሊት
እሰማዋለሁ ከትራሴ ሥር።

አንጓች ይሉኛል። ትራኮማ ዓይኔን
ከወሰደው ወዲህ አሥራ አንድ ዓመቴ፤
ቀረሶ እየጠበስኩ፣ አዋዜ እየደፋሁ፣
በዘይት ነው የቆመ ትዳርና ቤቴ።

ዘይት ይናገራል ለሚያዳምጠው ሰው፤
ሲሞቅ ዝም ይላል፣ ሲግል ያንሾካሽካል።
ሽንኩርት ጣል አድርጌ ጆሮዬን ስሰጠው
"አሁን ነው" ይለኛል፤ አንዳንዴ ይዋሻል።

ውሸቱን አንጓዬ ላይ ጽፎልኛል፣ ይኸው፤
ማንበብ የፈለገ ይዳብሰው በጣቱ፤
ብሬል ነው እላለሁ፤ ሦስት ነጥብ፣ አንድ መስመር፤
ዘይት ነው የጻፈው፤ ሚካኤል ነው ዕለቱ።

ጎረቤት ያዝናል። "እሳት ለዓይነ ስውር
ምን ያደርግላታል? ትቀመጥ" ይላሉ።
ቁጭ ብል ማን ኖሯል የሚያበላኝ እኔን?
ያዘኑልኝ ሁሉ ዓሣዬን በዱቤ ወስደው ይበላሉ።

ታኅሣሥ ላይ ማኅበሩ ዕጣ አወጣና፣
ለሰባት ሴት አንዱን፣ ደረሰኝ ለእኔ፤
እርሳስ የሚያህል ሹል ብረት፣ ራሱ ላይ ቁልፍ፤
ቁልፉን ጫን ሳደርግ ሴት ጮኸች ከጎኔ።

ጮኸች በእንግሊዝኛ። ምን እንዳለች እንጃ።
ባጃጁን አቁሞ ይታያል መጣና
(ይታያል ስሙ ነው፤ እኔን አይመለከትም)
ቁጥር አስቆጠረኝ፣ ዓሣ እየበላና
በየእሾሁ አንድ ቁጥር እያስለቀመኝ፤
ጥርሱ ላይ የቀረው ሰማንያ ነው መሰል፣
እስከ ዛሬ ድረስ እሱ ነው የጠፋኝ።

አሁን ዘይቱ መሃል ጫፏን ሳጠልቀው
መቶ አርባ ትላለች፤ ቆይ እላታለሁ።
መቶ ስድሳ ትላለች፤ ቀረሶው በእጄ ነው፣
በጅራቱ ይዤ፣ ቆይ እላታለሁ።
መቶ ሰባ።
ጣልኩት። መጥበሻው ተንጫጫ እንደ ክረምት ቆርቆሮ፤
እጄ ግን ደህና ናት፤ ራቅ ብላ ቆማለች።
ሆዱን ወግታ ደግሞ ስድሳ ሦስት ስትል
በስሏል። ማንንም አልጠይቅ፣ አልለምን፤
"ቀላ ወይ ልጄ?" ስል ለመንገደኛ ሁሉ
የኖርኩበት ዘመን፣ እንጃ የት እንዳለ አሁን።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠጅነሽ ትመጣለች፣
ዕጣው የዘለላት፣ አሬራዋን ይዛ፤
በእኔ እሳት ጥዳ፣ በእኔ ብረት ለክታ
አይብ ታወጣለች፤ ትሄዳለች ተክዛ።
"ዕጣ እኮ ነው" ስላት "ዕጣ ነው" ትላለች።
ከዚያ ወዲያ ስለሱ አንነጋገርም።

በኅዳር ስማቸው፣ ባሌ፣ ከፎገራ
ሩዝ አጭዶ ሲመጣ ወባ ጣለው ማታ፤
ብረቷን አጠብኳት በሳሙና፣ በሎሚ፤
ከብብቱ ስትገባ
ሠላሳ ዘጠኝ አለች፣ ሳትቆይ አንዳፍታ።
ድምጿ አልተለወጠም፤ ለዓሣውም ለባሌም
ያው አንድ ቃና ናት፤ ሰው ከቀረሶ አትለይ።
አትደነግጥ፣ አታዝን፤ ባጃጅ ጠርተን ሄድን፣
ቁጥሩ የእሷ ሆኖ፣ ፍርሃቱ በእኔ ላይ።
ዳነ። ዛሬም ድረስ ይቀልድብኛል፦
"ስድሳ ሦስት ብትል ኖሮ
ሎሚ ትጨምቂብኝ ነበር።"

ትናንት ዘይት ጠፍቶ ሥራ ፈትቼ ዋልኩ።
ወረድኩ በዱላዬ፣ ደንገሉን አልፌ፣
ውኃው ቁርጭምጭሚቴን እስኪነካኝ ድረስ፤
ጎንበስ ብዬ ሐይቁን ወጋ አደረግኩት።
ሃያ ሦስት አለች።
ቆይ አልኩት ጣናን፤
ገና ነህ ለመጠበስ።