ቀፎ

ቀፎ ገዛሁ ስለው ሎይዜ አጎቴን፣
ንብ መስሎት በደስታ አንኳኳ ቤቴን፤
በአንድ እጁ ጓንት፣ በሌላው ጠርሙስ ማር።
ጠረጴዛዬ ላይ ግን ብርሃን የሚረጭ ሣጥን ነበር፦
ፊቱ ድፍን መስታወት፣ ጎኑም መስታወት፣
ውስጡ ቀይና ሰማያዊ የሚፈራረቅበት።

እውነቱን ልናገር፣ መልኩ ነው የገዛኝ፤
ከሉብልያና በአውቶቡስ፣ እንደ አራስ ታቅፎ እያስጨነቀኝ።
ጣሪያ ሥር ነው ክፍሌ፤ ወሩ ሐምሌ፤ ሸክላው
ቀን የጠጣውን ፀሐይ ሌሊት ሲተፋው።
የናዳ ካርታ እሠራለሁ፣ ለመንገዶች መሥሪያ ቤት፤
የትኛው ተራራ መቼ እንደሚንሸራተት።
ማሽኑ ገደሉን በነጥብ በነጥብ ሲስል ያቃስታል፣
ዘጠና ስድስት ዲግሪ ሲደርስ ድርግም ይላል።
ስከፍተው ገደሉ ግማሽ፣ ወንዙ መድረሻ አጥቷል።

ሎይዜ የመስታወቱን ፊት በመዳፉ ዳበሰው፤
"ለመሆኑ" አለ፣ "ይሄ በየት ነው የሚተነፍሰው?"
"ሦስት ማራገቢያ አለው፣ ከፊት።"
"ከመስታወት ጀርባ? መግቢያ በሌለው ቤት?"

ሲመሽ ጓሮ ወሰደኝ። ቀፎዎቹ እንደ መሳቢያ ተደራርበው፣
በየፊታቸው ሳንቃ ላይ የድሮ ሰው የሳለው፦
አዳኙን የሚቀብሩ እንስሳት፣ ቀለሙ በዝናብ የተላጠ።
"ይህን ተይው፣ ለሰው ነው፤ ለንቧ ከሥሩ ያለው ስንጥቅ በለጠ።"
ደፉ ላይ ተሰልፈዋል፣ አንገት ደፍተው፣ እግር ተክለው፣
ክንፍ ብቻ እያርገበገቡ፣ የትም ላይበሩ፣ ቆመው።
እጄን አስጠጋሁ። በግራ ሞቅ ያለ፣ ማር ማር የሚል ትንፋሽ፤
በቀኝ ዝም፤ ቀዝቃዛው ይገባል፣ ያለ አንኳኪ፣ ያለ ጋባዥ።

ከዚያ ያልጠየቅሁትን ተናገረ፦
"አንድ ዓመት በጭነት መኪና ቀፎ ሳግዝ፣ እንዳይወጡብኝ ብዬ
በሩን በጨርቅ ወተፍኩት፣ በገዛ እጄ።
ናዳ መንገድ ዘጋ። ሦስት ሰዓት፣ ጠራራ ላይ።
ስከፍተው ሰሙ ቀልጧል፣ ንቡና ማሩ አንድ ላይ።
ሽታው ጣፋጭ ነበር።"
ሌላ አልጨመረም።

መስታወቱን መለስኩት። ባለሱቁ ኔይትስ ፈገግ እንዳለ፣
"በግንቦት በዓይን የተገዛ በሐምሌ ይመለሳል" ብሎ ተቀበለ።
ፊቱ ወንፊት የሆነ፣ ጥቁር፣ ተራ፣ ማንም ዞሮ የማያየው፣
ሆዱ ሰፊ ሣጥን መረጥኩ፤ ካርዱን በክር ለክቼ፣ ጣት ያህል ተርፎ የሚያስገባው።
ሁለት ማራገቢያ ከፊት፣ ወደ ውስጥ የሚስብ፣
አንድ ከላይ፣ አንድ ከኋላ፣ ትኩሱ ማደሪያ እንዳያስብ።
ገመዱን ሁሉ ከማዘርቦርዱ ጀርባ አሰርኩ፣ መንገድ እንዳይዘጋ፤
የአቧራ ማጥለያ ከታች፤ ጨረስኩ ብዬ ሳርፍ ሌሊቱ ሊነጋ።

ሎይዜ ንብ የሚያረጋጋበትን ማጨሻ ይዞ መጣ።
"አጎቴ፣ አብደሃል?" "አንዲት ትንፋሽ! በየት እንደምትወጣ!"
የጥድ ቅርፊት ጭስ በወንፊቱ ገባ፣ ካርዱን ዞረ፣
ከኋላ ሊወጣ ሲል ግን አንዳች ገፍቶ መለሰው፣ ተደናገረ።
የኋላውን ማራገቢያ፣ እኔ ብልህ፣ ገልብጬ ገጥሜው!
ጭሱ ባይመሰክር፣ ዓመት ይኖሩ ነበር ንፋስና ንፋስ ተፋጠው።
አራት ብሎን ፈትቼ አዞርኩት። ጭሱ ፈትለክ አለ፣ ክር መስሎ፣
በኋላው ወጥቶ፣ በመስኮቱ ወደ ተራራው፣ ቀጥ ብሎ።

ሰባ አንድ ዲግሪ። ገደሉ ሌሊቱን ሲሳል አደረ፣
ሲነጋ ወንዙ ሸለቆው ድረስ ነበረ።
ሎይዜ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። "ድምፁስ የጤና ነው።
ንግሥቷ የታለች?" "የለችም።" "ታዲያ ይሄ ሁሉ ልፋት ለማን ነው?"

መልስ አልነበረኝም። ጓንቱን ረስቶ ሄደ።
ዛሬም ማሽኑ ሥራ በዝቶበት ሲግል፣ ማራገቢያው ሲባዝን፣
ከኋላው ስስ የጥድ ጭስ ይሸተኛል፤ አልወለውልም ውስጡን።