ግማሽ ጀሪካን

ከአራዳ ወረድ ብሎ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ፣
አንድ የቆርቆሮ ቤት አለ፤ ጎንበስ ያላለ አይገባ።
መስታወት የለው፣ ሙዚቃ የለው።
አሸዋ የጠጣ ጆንያ፣ የአይሱዙ አሮጌ ጎማ፣
ከቀሃ ወንዝ የወጣ ድንጋይ፣ ጣት የሚያንሸራትት፣
ጥግ ላይ አንድ ቢጫ ጀሪካን፦
ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ ጨለማ።

እኔ ስመጣ መቶ ኪሎ አነሳ ነበር፣
ቀጥ ያለ ብረት ይዤ፣ ቀጥ ብዬ ስገተር።
አዛናው አይቶ ሳቀ። የቀድሞ ተሸካሚ ነው፤
ሠላሳ ዓመት ቅዳሜ ገበያ፣ ጤፍ ጀርባው ላይ ያደረበት ሰው።
ቀኝ ትከሻው ከግራው ዝቅ ብሏል፤
«እኔን ያስተማረኝ የለም፣ ለዚህ ነው የማስተምር» ይላል።

«ያንተ ብረት ጨዋ ነው» አለኝ፣ «እጀታ አለው፣ ልክ ያውቃል፣
ግራና ቀኙ ተስማምቶ፣ ና አንሳኝ ብሎ ይጠብቃል።
ፍራሽ ግን እጀታ አለው? ጠባብ ደረጃ ላይ ቁም ሣጥን
ቀጥ ብለህ ቁም ይልሃል? ወይስ ይጠመዝዘዋል ወገብህን?»

ከዚያ ጀሪካኑን ሰጠኝ። አሥር ኪሎ። እኔም ሳቅሁ።
በአንድ ጉልበት ተንበርክኬ፣ በአንድ እጅ ከራሴ በላይ ሰቀልሁ።
ልነሳ ስል ውሃው ዞረ፤
ሸኚውን እንደሚጎትት፣ እንደ ሰከረ ሠርገኛ፣
እኔ ወደ ቀኝ ስል፣ እሱ በግራ በኩል ተኛ።
«ሞልተህ ብትሰጠኝ ይሻል ነበር» አልሁት፣ ወለሉ ላይ ሆኜ።
«ሙሉማ ዝም ብሎ ይቀመጣል» አለ፤ «ሰው የሚጥል ጎደሎው ነው።»

ክረምቱን እንዲህ አሳለፍን።
ባንቺአምላክ፣ የሆስፒታሏ ነርስ፣ ጆንያውን ታገላብጣለች
ሕመምተኛ እንደምታገላብጥ፤
«አይዞህ» ስትለው ሰምቻለሁ፣ ለአሸዋ።
ባጃጅ ነጂው ውባለም ጎማውን በጎኑ ይገፋል፣
ዳገት ላይ ሞተር ሲከዳው መግፋቱ አይቀርምና።
ቧንቧ በጠፋ ሰሞን ጀሪካኑም ይጠፋል፤
የአዛናው ሚስት ወስዳው ነው፣ ማንም አይከስሳት።
እኔ ድንጋዩን ታቅፌ ቁጢጥ፤
ስምንት ትንፋሽ፤
እጄን መሬት ሳላስነካ መነሳት፤ መውደቅ፤
እንደገና መነሳት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደልቅ።
መቶ ኪሎዬን ማንም አልጠየቀኝ።

ኅዳር ላይ፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት፣
አባቴ ወደቀ፤ በአልጋውና በግድግዳው መሃል፣
ክንድ ከስንዝር በማትሞላ ክፍተት።
ልብስ ሰፊ ነበር፤ ግራ ጎኑ ካምና ጀምሮ አይታዘዘውም።
ብብቱን ይዤ ሳነሳው ወደ ሞተው ጎኑ ፈሰሰ፣
ክብደቱ በውስጡ መንገድ ለወጠ፤
እኔም በጨለማው አወቅሁት፦
ይህን ውሃ አውቀዋለሁ።

አልጎተትሁም።
አንድ ጉልበቴን ለመሬት ሰጥቼ፣ ደረቱን ደረቴ ላይ አስደግፌ፣
እስኪረጋ ጠበቅሁት።
አልጋው ሲጥ አለ። ከሩቅ፣ ከአንገረብ በኩል፣ ውሻ ጮኸ።
ከዚያ እሱ ወደሚያጋድልበት አብሬው አጋደልሁ፣
እሱ እንደ ውሃ፣ እኔ እንደ ጀሪካን፣
አንድ ላይ ቆምን።
«ቀስ» አለኝ ጆሮዬ ሥር፣ «ስፌቱ ይለቃል።»
የማን ስፌት እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

በማግስቱ ቆርቆሮው ቤት ሄድሁ። ለአዛናው አልነገርሁትም።
ጀሪካኑን ከፍቼ አንድ ኩባያ ውሃ ደፋሁ።
«ምነው፣ ከበደህ?» አለኝ።
«የለም» አልሁት፣ «ካምናው ቀሎ ነው።»
መክደኛውን ገጥሜ
ተንበረከክሁ።